በዓይናችን አይተን

«እትዬ ሳሌሃ፣ ምን ላይ ነው የፈረምሽው?»

የጠየቀችኝ መምህርት አደይ ናት። ወልቂጤ ገበያ፣ በርበሬዬ ፊት ቆማለች፤ እጇ ላይ ሁለት ወረቀት ይዛለች። አንደኛው እሷን ከትምህርት ቤታችን አንስቶ ከአገና ወዲያ ወዳለ ትምህርት ቤት የሚልክ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ለዚያ ደብዳቤ ምክንያት የሆነው ነው። ከታች ጥጉ ላይ የእኔ ስም አለ። የጠመመ ነው፤ ከመስመሩም ወጥቷል። ግን የእኔ እጅ ነው። አልፈረምኩም ማለት አልችልም ነበር።

እንዴት እዚያ ወረቀት ላይ እንደወጣሁ ልናገር።

የጎልማሶች ትምህርት የጀመርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ልጄ ሳቢሪን ጠዋት የምትማርበት ክፍል፣ እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን እኛ እናቶች እንቀመጣለን። ጉልበታችን ጠረጴዛው ሥር አይገባም። የምታስተምረንም ያችው የልጆቹ አስተማሪ ናት። ልጆቹ ቲቸር ይሏታል፣ እኛም ቲቸር አልናት፤ ከብዙዎቻችን በአሥር ዓመት ታንሳለች።

ቲቸር አደይ መሣሪያዋ የራሷ ስልክ ነበር። በርበሬ፣ ሚዛን፣ ቆጮ፣ ጆንያ፣ እኛ በየቀኑ የምንጠራቸውን ቃላት በድምጿ ቀስ እያለች ቀድታ በየትንንሽ ስልካችን ሚሞሪ ላይ ትጭንልናለች። ቃላቱ የተጻፉበትን ወረቀትም ትሰጠናለች። እኔ ገበያ ላይ የበርበሬውን ጉንጉን እየቀነጠስኩ አንድ ጆሮዬ ላይ ድምጿን አደርግና ወረቀቱን በጣቴ እከተላለሁ። ለልጆቹ ደግሞ በቆርኪ ላይ ፊደል ጽፋ ቃል ታሠራቸዋለች። ስድሳ ሦስት ልጅ ነው። የፊተኛው ረድፍ ከስልኳ ላይ ተረት ሲያይና ሲሰማ የኋላው በቆርኪ ይሠራል፤ ከዚያ ስልኩ ወደ ኋላ፣ ቆርኪው ወደ ፊት ይዛወራል። ሳቢሪን ቤት ስትመጣ የምታወራው ዛሬ ስልኩ እነሱ ረድፍ ጋ ሲደርስ ባትሪው እንዳለቀ ወይም እንዳላለቀ ነበር።

ከሁሉ ቀድማ ያስተማረችን ስማችንን ነው። ጣት መንከር ይብቃችሁ አለችን። እኔ ቀበሌ ሄጄ፣ እድር ሄጄ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ጣቴን ያልነከርኩበት ቦታ የለም፤ በርበሬ ያቃጠለው ጣቴ ላይ ያ ወይን ጠጅ ቀለም ሦስት ቀን አይለቅም። መጀመሪያ ቀን ቀበሌ ስሜን ስጽፍ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ አየችውና አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ከዚያ በኋላ መፈረም ወደድኩ። የሚፈረም ነገር አለ ከተባለ ሥራዬን ትቼ እሄዳለሁ። አጠገቤ የምትማረው ባሂራ፣ ቆጮ ሻጭ ናት፣ ትስቅብኛለች።

«አንቺ ወረቀት ስታዪ እንደ ፍየል ነው የምትሮጪው» ትለኛለች። «አንድ ቀን ትበዪዋለሽ፣ ወላሂ።»

የወላጅና መምህር ኮሚቴ ሲመረጥ ዳይሬክተሩ አቶ ተካ፣ መፈረም የምትችል አንዲት ሴት ያስፈልገናል አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ማንበብ የምትችል አላሉም፤ መፈረም የምትችል ነው ያሉት። ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም። እጄን አንስቼ ተመረጥኩ፤ ማታ ለሳቢሪን አባት ቡታጅራ ደውዬ ነገርኩት። በርበሬውን እዚያ እየገዛ የሚልክልኝ እሱ ነው። ደስ አለው።

ስለ አቶ ተካ ስጽፍ አንቱ የምለው እናቴ እንደዚያ ስላሳደገችኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ታብሌቶቹ በጥቅምት መጡ። ሠላሳ ናቸው። ከረጂ ድርጅት ነው የመጡት፤ መኪናው ግቢ ሲገባ ልጆች ተሰልፈው አጨበጨቡ፣ እኛ ኮሚቴዎቹ ከፊት ቆመን ፎቶ ተነሣን። ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ማስተማሪያ ነው ተባለ፤ ውስጡ ተረት አለ፣ ፊደል የሚያነብ ድምፅ አለ፣ መምህሩ የየልጁን የንባብ ደረጃ የሚመዘግብበት አለ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል አሉ። መምህራኑ አንድ ቀን ሠለጠኑ። ሳቢሪን በዚያ ሳምንት አልቀመጥ አለች። ለእያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻው ሊደርስ ነው፣ ከእንግዲህ የቲቸር ስልክ ባትሪ ቢያልቅም ግድ የለም ብላ ነገረችኝ።

አቶ ተካ ሠላሳውንም ቢሯቸው ባለው የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባቸው።

ቲቸር አደይ በሳምንቱ ሄዳ ጠየቀች። የማስረከቢያ ቅጽ እስኪመጣ ጠብቂ አሏት። በሁለተኛው ወር ስትጠይቅ፣ አንዱ ቢሰነጠቅ ማን ይጠየቃል አሏት። እኔ እጠየቃለሁ አለች። ስድሳ ሦስት ልጅ ይዘሽ እንዴት ትጠየቂያለሽ አሏት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ሳቢሪን ስለ ታብሌት ማውራት ማቆሟን ብቻ ነበር። ጠየቅኳት። አንድ ቀን በቢሮው መስኮት አየሁት፣ ላስቲኩ አልተላጠም አለችኝ። ልጅ ናት፣ ተራዋ አልደረሰ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ልጄ ነግራኝ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

በታኅሣሥ፣ ገበያው በደራበት ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዳነ መጣ። አቶ ተካ ለፊርማ ይፈልጉሻል አለኝ። በርበሬውን ለባሂራ አደራ ብዬ እጄን በሳሙና ታጥቤ ሄድኩ። አቶ ተካ ወረቀቱን ከፍተው ጠበቁኝ። ከእኔ በላይ ሁለት ስም ተፈርሟል። ጣታቸውን አስቀመጡ፤ «እዚህ ጋ» አሉ።

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አንድ መስመር ለማንበብ የሚፈጅብኝን ጊዜ አውቃለሁ። ጣቴን አስቀምጬ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው። እሳቸው ቆመዋል፣ ስልካቸው ይጮኻል፣ አዳነ በሩ ላይ አለ። በሰው ፊት ከንፈሬን ማንቀሳቀስ አፈርኩ። ስሜን መጻፍ ግን አላፈርኩም። ጻፍኩት።

«እጅሽ እየተስተካከለ ነው» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። እየሳቅኩ ነው የወጣሁት።

በመጋቢት ከድርጅቱና ከትምህርት መምሪያ ሰዎች ለጉብኝት መጡ። እነሳቢሪን ክፍል፣ ሦስተኛ ክፍል ገቡ። አቶ ተካ በዚያ ጠዋት አሥር ታብሌት አውጥተው ለልጆቹ አሳድለው ነበር። እንግዶቹ ክፈቱ ሲሏቸው ልጆቹ የት እንደሚከፈት አያውቁም። ቻርጅም የላቸውም። ሳቢሪን ጥቁሩ መስታወት ላይ የወለቀ ጥርሷን ስታይ፣ ጎረቤቷ ልጅ ፀጉሯን ስታስተካክል ደረሱባቸው። እንግዶቹ ስድስት ወር ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር ብለው አቶ ተካን ያዟቸው። አቶ ተካም ፋይላቸውን ከፍተው ያን ወረቀት አወጡ። እኛ አስረክበናል፣ ስታስተምርበትም ወላጆች መስክረዋል፣ ኋላ የተወችው መምህርቷ ናት አሉ።

ለቲቸር አደይ ማስጠንቀቂያና ዝውውር ደረሳት። ከሚያዝያ ጀምሮ ከአገና ወዲያ። ሁለቱን ወረቀት ይዛ ገበያ የመጣችው በዚያ ቀን ነው።

«አንቺ አንብቢልኝ» አልኳት።

«አይሆንም። አንብቢው።»

ወረቀቱን በበርበሬው ጆንያ ላይ አስቀመጠችና አጠገቤ ቁጭ አለች። ጣቴን አስቀምጬ ጀመርኩ። አንዲት ገዢ መጥታ ዋጋ ጠይቃኝ መልስ ስታጣ ሄደች። ባሂራ ከወዲያ ማዶ ሆና ታየናለች። ቲቸር አንድም ቃል አላገዘችኝም። ተሳስቼ ስመለስ እሷ ትጠብቃለች። እንዲህ ይላል፤

«መምህርት አደይ ሠላሳ ታብሌቶችን ከጥቅምት ወር ጀምሮ ተረክባ በሳምንት ሁለት ቀን እያስተማረችባቸው መሆኑን እኛ የወላጅ ተወካዮች በዓይናችን አይተን አረጋግጠናል።»

«በዓይናችን» ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። እኔ በዓይኔ ያየሁት በጥቅምት መኪና ላይ ያለ ካርቶን ነው።

ቲቸር አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «አነበብሽው» ብቻ አለችኝ፤ ወረቀቱን አጥፋ ሄደች።

በማግስቱ ወደ አቶ ተካ ሄድኩ። ቁም ሳጥኑ ከኋላቸው ነው፤ ላዩ ላይ ዳንቴልና የላስቲክ አበባ ተደርጎበታል። ተቀመጪ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። ስለ ሳቢሪን ጠየቁኝ፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አራተኛ ክፍል ስትገባ ጥሩ ክፍል እንመድባታለን አሉ። ልጄን ለምን እንዳነሱ ገባኝ።

«ሳላነብ ነው የፈረምኩት» አልኳቸው።

«ታዲያ ይሄ የማን ጥፋት ነው?» አሉኝ።

ግማሹ እውነት ነው።

ቀጠሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቁልፉን የያዝኩት ለማን ብዬ ነው፣ ለልጆቻችሁ አይደል አሉ። በፊት በነበርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒውተር ጠፍቶ ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ አሉ። ይህን ሲሉ እጃቸው ቁልፋቸው ላይ ነበር። የፈሩ ሰው መሆናቸውን አየሁ፤ የሚሰርቁ ሰው አይመስሉኝም። ግን ፍርሃታቸውን ተሸከሚልኝ ብለው የሰጡት ለቲቸር ነው፤ እንድትሸከመው ያሰሩላት ደግሞ በእኔ ስም ነው።

ከዚያ የመጨረሻውን አመጡ። «አርባ እናቶች ማንበብና መጻፍ ቻሉ ብለን ሪፖርት ልከናል። አስተማሪያቸው አደይ ናት። አንቺ ማንበብ አልቻልኩም ብለሽ ብትከሺ ማን ይመስልሻል የሚጠየቀው?»

ከቢሮው ወጣሁ። ሰውዬው አስበውበታል። አላውቅም ብል ቲቸርን አላስተማረችም ያሰኛል። አውቃለሁ ብል ምስክርነቴ ይጸናል። ገበያ ደርሼ ለባሂራ ነገርኳት። ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ሂጂና ጥሩ አድርጎ ይጻፍልሽ አለችኝ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚጽፉትን ማለቷ ነው።

«እሱ የጻፈውንም ሳላነብ ልፈርም?» አልኳት።

«እና ማን ሊጽፍልሽ ነው?»

«እኔ።»

ባሂራ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና ከደብተሯ መሃል አራት ቅጠል ቀድዳ ሰጠችኝ። «ፍየሏ ዘንድሮ ልትጽፍ ነው» አለች።

ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ገዢ በሌለበት ሰዓት፣ ሚዛኑን ጠረጴዛ አድርጌ። ቲቸር እንድታርመው ወሰድኩላት፣ ልታየው አልፈለገችም። እጄ ካለበት እኔ ጻፍኩት ይላሉ አለችኝ። የማልችለውን ቃል ከሚሞሪዋ እየሰማሁ ወረቀቷ ላይ እፈልገዋለሁ። «ቁም ሳጥን» የሚል ቃል እዚያ የለም፤ ሳቢሪን ነገረችኝ። እናትና ልጅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ስለ አንድ ቁም ሳጥን ስንጨነቅ እኔ እናደድ ነበር። የልጄን ስድስት ወር ሰው ቆልፎበት፣ እኔ መቆለፊያውን በፊርማዬ አጥብቄለት!

የጻፍኩት ይህ ነው።

«እኔ ሳሌሃ ሰይዶ ነኝ። በርበሬ እሸጣለሁ። በታኅሣሥ ያላየሁትን አየሁ የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። ያኔ ቀስ ብዬ ማንበብ እችል ነበር። አፍሬ አላነበብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን አንብቤዋለሁ። ሐሰት ነው። ታብሌቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ዳይሬክተሩ ጋ ነው። እንድጽፍ ያስተማረችኝ መምህርት አደይ ናት። ስሜን መልሱልኝ።»

ትምህርት መምሪያ ይዤ ሄድኩ። ነብዩ የሚባል ወጣት ባለሙያ ተቀበለኝ። አነበበውና ማን ጻፈልሽ አለኝ። እኔ ስለው ፈገግ አለ፤ እስክሪብቶ ሰጠኝና እስቲ እዚህ ላይ «ወልቂጤ» ብለሽ ጻፊ አለ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ «ታብሌቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይንቀሳቀስ። ሲያየው ፈገግታው ቆመ። መዝገብ ቤት ወስዶ ቁጥር አሰጠኝ፣ ይጣራል አለ። የቲቸር ዝውውርስ ስለው እሱም ቁጥር ወጥቶለታል አለኝ።

ቁጥር የወጣለት ነገር እዚያ ቤት እንደ ተቀበረ ነው መሰለኝ፣ ሳምንት ጠበቅሁ፣ የሚጠይቅ አልመጣም። በሳምንቱ የወላጆች ስብሰባ ነበር። አቶ ተካ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ መርፈድ ተናገሩ። ወላጅ ጥያቄ አለው ወይ አሉ። ተነሣሁ። ጥያቄ ሳይሆን የማነብ ነገር አለኝ አልኩ፤ ከቲቸር ተውሼ ኮፒ ያስደረግሁትን ያን የታኅሣሥ ወረቀት አወጣሁ።

ጣቴን አስቀምጬ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሁለት ቃል አንብቤ ትንፋሽ እወስዳለሁ። ከኋላ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ተካ ሰዓታቸውን አዩና፣ ሐሳቡ ስለገባን ብናጠቃልል አሉ። ፊት የተቀመጠ አንድ አባወራ፣ ሴትዮ አንድ የሚያነብ ሰው ስጪና ይጨርስልሽ አለኝ።

ባሂራ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «አንተ፣ ፈረንካ ስትቆጥርም ቀስ ነው የምትለው፣ ማን ነጠቀህ? ዝም በል፣ አልጨረሰችም» አለችው። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የቆምኩበት ቃል እንዳይጠፋኝ ጣቴን አላነሣሁም።

«በዓይናችን አይተን» ላይ ስደርስ ድጋሚ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩና፣ እኔ አላየሁም፣ ከእናንተ መካከል ልጁ በዚህ ነገር ሲማር ያየ ካለ እጁን ያንሣ አልኩ። አንድ እጅ አልተነሣም። እንግዲያው ሄደን በዓይናችን እንይ አልኩ።

አቶ ተካ ቁልፉ ቤት ነው አሉ። ይህን ያሉት ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ዘበኛው አዳነ፣ ያ ለፊርማ ሊጠራኝ የመጣው፣ «ጌታዬ፣ እሱ ነው እኮ» አላቸው በቀስታ፣ የረዳቸው መስሎት። አቶ ተካ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። ከአምሳ በላይ ወላጅ ቢሮው በር ላይና መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ሳለ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ። ለጉብኝቱ የወጡት አሥሩም ተመልሰው ገብተዋል። የቀሩት ሃያዎቹ ላስቲካቸው አልተላጠም። አንዷ እናት አንዱን አንሥታ በነጠላዋ ጠረገችውና መልሳ አስቀመጠችው። ቲቸር አደይ ከመምህራኑ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ውስጥ አላየችም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የተፈታ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሰዎች መጥተው አጣሩ። የጻፉትን ግልባጭ ጠይቄ ተሰጠኝ፤ ገበያ ላይ አነበብኩት። «በአጠቃቀም ረገድ ክፍተት ታይቷል» ይላል። ክፍተት! ማን እንደከፈተው አይልም። ማን እንደዘጋው አይልም። ከቲቸር ላይ ማስጠንቀቂያው ተነሣ፤ ዝውውሩ ግን የመምህራን ድልድል ስላለቀ አይቀየርም ተባለ። ለጥንቃቄ ሲባል ቁም ሳጥኑ ሦስት መቆለፊያ ይኑረው ተብሎ ተወሰነ፤ አንዱ ቁልፍ ከዳይሬክተሩ፣ አንዱ ከንብረት ክፍሉ ምስጋና፣ አንዱ ከወላጅ ኮሚቴ። ከኮሚቴ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ለቁልፉ ርክክብ ወረቀት ሲያመጡልኝ አቶ ተካ ቆመው ነበር። ተቀመጡ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ፈረምኩ።

ማክሰኞና ሐሙስ ቁልፌን ይዤ እሄዳለሁ። ማክሰኞ ምስጋና መስክ ነው ይሉኛል። ሐሙስ አቶ ተካ ስብሰባ ናቸው ይሉኛል። ሦስታችን አንድ ላይ የተገናኘነው እስካሁን ሁለት ቀን ብቻ ነው። በሁለቱም ቀን ታብሌቶቹ ወጥተው ልጆቹ አይተውባቸዋል፤ ሳቢሪን እንዴት እንደሚከፈት አሁን ታውቃለች። አዲሱ መምህር ግን አልሠለጠነም። የሠለጠነችው ሌላ ቦታ ናት።

የሄደችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መናኸሪያ ሸኘናት፣ እኔ፣ ባሂራና ሳቢሪን። የአገና ሚኒባስ እስኪሞላ ቆምን። ቆርኪዎቿን በፌስታል ይዛለች፤ ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው፣ የሹፌሩን ገመድ ተውሳ። አንድ ኪሎ በርበሬ ሰጠኋት። እዚያ ስንት ልጅ እንደሚጠብቃት ጠየቅኳት፤ ሰባ አንድ አለችኝ። ታብሌት አለ ወይ ስላት መብራትም የለም አለች።

«ድጋሚ ሳታነቢ ብትፈርሚ ተመልሼ እመጣለሁ» አለችኝ።

ባሂራ ወደ እኔ ዞራ «እንግዲያው አሁኑኑ ፈርሚ» አለች።

ቲቸር ሳቀች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ሚኒባሱ ሞልቶ ወጣ።

መምህርት አደይ ሄደች። አቶ ተካ ቢሯቸው ናቸው። ሠላሳዎቹም ከኋላቸው አሉ።